አንድ ገና ለክፍል አራት መቶ አሥራ ሁለት

አባቴ ወጥ መሥራት አይችልም ነበር። ሐሜት አይደለም፤ ጠይቁት፣ እሱም ይመሰክራል። የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ነቅሎ ይተክላል፣ የሚያፈስ ጣሪያ ላይ በነፋስ ወጥቶ ይደፍናል፣ የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን ያነሳል። ወጥ ግን ገና እጁን ሲያይ ይሸሸዋል።

ችግሩ ምግብ ቤት የነበረን መሆኑ ነው።

ቤቱ ኤምቡዶ በምትባል ትንሽ መንደር ውስጥ፣ ከታኦስ ወደ ሳንታ ፌ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ አጠገብ ነበር። ስድስት ጠረጴዛና ባንኮኒው ላይ አምስት ረጃጅም በርጩማዎች ነበሩት። ከበሩ በላይ «ኤርሊንዳ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ኤርሊንዳ እናቴ ናት። እሷ ምድጃው ላይ፣ አባቴ ቧንቧውና ጣሪያው ላይ፣ የክርስትና እናቴ ትሪኒ ጠረጴዛዎቹ ላይ፤ ሁሉም የየራሱ ግዛት ነበረው። አንዱ የሌላውን ድንበር የሚያልፈው ለመሰደብ ብቻ ነው።

በዚያ አገር የትኛውም ምግብ ቤት ብትገቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ቀይ ነው አረንጓዴ?» ቀዩ የደረቀ በርበሬ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ የሚሠራው ወጥ ነው። አረንጓዴው እሳት ላይ ተጠብሶ የተላጠ ቃሪያ፣ ከበግ ሥጋና ከድንች ጋር። በዚህ ጥያቄ የተኳረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ደግሞ «ገና» ይላል፤ ቀይና አረንጓዴ የገና ጌጥ አይደሉ! ሳህኑን እኩል ከፍለን፣ ግማሹን በዚህ፣ ግማሹን በዚያ እንሞላለታለን።

ስለዚህ ለእኔ፣ ለስምንት ዓመቷ ቤርናዴት፣ ገና የሚባለው በዓል በዓመት አንድ ቀን ብቅ ብሎ የሚሄድ እንግዳ ነበር። ገና የሚባለው ሳህን ግን በቀን አርባ ጊዜ ከኩሽና ይወጣል። «ሁለት ገና ለመስኮቱ ጠረጴዛ!» ትላለች ትሪኒ። እኔ ቃሉን የማውቀው እንዲህ ነው፤ ጥፋቴም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በ1986 ኦገስት ላይ እናቴ አልበከርኪ ሆስፒታል ገባች። «ደሟ ደክሟል» አሉኝ። ደም እንዴት እንደሚደክም አስቤ አስቤ፣ እኔ ሲደክመኝ እንደማደርገው ትንሽ ጋደም ብላ እንደምትመለስ ወሰንኩ። ዛሬ የበሽታውን ስም አውቀዋለሁ። ያኔ ግን ቤታችን ውስጥ ስሙን ደፍሮ የጠራ ሰው አልነበረም።

አባቴ ድንበሩን አልፎ ወደ ምድጃው ተሻገረ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይስቅ ነበር። ከሁሉም የሚብሰው ዶን ዴልፊኖ ነው፤ የመንገዱን ግሬደር የሚነዳ፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያው በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ።

«ሉቴ» አለው አባቴን አንድ ቀን፣ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ እያዞረ፣ «በጉ የት ሄደ?»

«እዚያው ውስጥ ነው።»

«እኔ አጣሁት። የጠፋ በግ ፍለጋ ነው እንዴ የምታበላን? ሾርባ ነው ብለህ ብትሸጠው ይሻልሃል። የእጅ ውሃ ነው ብትለኝም አልከራከርህም።»

«ዝም ብለህ ብላ!» አለችው ትሪኒ ከወዲያ። «በዚያ ሁለት ጥርስህ ማኘክ የሌለበት ምግብ ስላገኘህ አመስግን!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ አባቴም ሳቀ። ሴፕቴምበር ሲያልቅ ግን ቀልዱም ቀነሰ። የሚቀልድ ሰው መብላቱን ያልተወ ሰው ነው፤ የተዉት ዝም ብለው ነው ያለፉት። ከስድስቱ ጠረጴዛዎች አራቱ ባዶ መዋል ጀመሩ። ዶን ዴልፊኖ ብቻ አንድ ቀን ሳይቀር እየመጣ፣ እየተሳደበ፣ ሳህኑን ጠርጎ ይበላ ነበር። ያኔ ወጡን እየለመደው ነው ብዬ አስብ ነበር።

ያ ስልክ የተደወለው ኦክቶበር ላይ፣ ትምህርት በሌለበት ቀን፣ ምሳ ሊደርስ ሲል ነው። ስልኩ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ነበር። እኔ የድንች ሣጥን ገልብጬ ተቀምጫለሁ። አባቴ እጁን በሽርጡ ጠረገና አነሳው።

«አዎ፣ ባሏ ነኝ። ደህና ዋሉ ዶክተር።» አዳመጠ። «ምንም? ሾርባም?» እንደገና አዳመጠ። «ካልበላች መድኃኒቱን… እሺ። ካልሰጣችኋትስ?»

አሁን ብዙ አዳመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ገና?» አለ። እጀታውን ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ እንደገና፣ «ገና ነው ያሉኝ?»

ለእኔ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እናቴ የሆስፒታሉን ምግብ አልበላም ብላለች፤ ምን ይደንቃል? ሾርባቸውንም እምቢ ብላለች። «ታዲያ ምን ይሁንልሽ?» ሲሏት «ገና» አለቻቸው። ዶክተሩ ደግሞ ከየት ያመጣል? ወደ እኛ ደወለ። አባቴ እንዲህ የደነገጠው አንዱን ወጥ እንኳ በወጉ ሳይችል ሁለቱን ባንድ ቀን ሥራ ስለተባለ ነው።

ስልኩን ሰቅሎ ወደ ጓሮ ወጣ። በመስኮት ሳየው የማገዶ ክምሩን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እያዛወረ ነበር። በዚህ ሁሉ ሥራ ላይ እንጨት ማስተካከል ምን አስቸኮለው ብዬ አዘንኩለት።

ዶክተሩ ያለው ሌላ ነበር። ካልበላች ሁለተኛውን ዙር መድኃኒት ሰውነቷ አይችለውም፤ ካልወሰደችው ደግሞ ገናን አታይም። ይህን ከትሪኒ አፍ የሰማሁት ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው።

ያን ቀን ግን የትዕዛዝ ደብተሩን ከባንኮኒው ወሰድኩ። በትልልቅ ፊደል «አንድ ወጥ፣ ገና። ለእማዬ። ክፍል 412» ብዬ ጻፍኩ። የክፍሉን ቁጥር የማውቀው ደብዳቤ ስንልክላት ፖስታው ላይ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ነው። ወረቀቱን ትሪኒ ትዕዛዝ የምትሰካበት ሽቦ ላይ ከሁሉም ፊት ሰካሁት።

አባቴ ተመልሶ እጁን ታጠበና ወደ ሽቦው ዞረ። የመጀመሪያውን ወረቀት ሊነቅል ያዘ። ግን አልነቀለውም፤ እዚያው ቆሞ ቀረ።

«ማነው ይህን የጻፈው?»

ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። እሱ ሲጮህ አልፈራውም፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው የምፈራው።

«እኔ።»

«ለምን?»

«እማዬ አዘዘቻ! አሁን በስልክ። ሌላ ምንም አልበላም፣ ገና ብቻ አለች አይደል? ሁለቴ የደገምከው አንተ ነህ፤ እኔ ምን አደረግኩ?»

ትሪኒ አራት ሳህን ክንዷ ላይ ደርድራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አበልጄ» አለችው፣ «ዶክተሩ ምን አለህ?»

እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ሽንኩርት ወደተቀመጠበት ጥግ አዞረ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አባዬ፣ ታለቅሳለህ እንዴ?»

«ሽንኩርቱ ነው ልጄ» አለኝ።

ሽንኩርቱ ገና ከጆንያው አልወጣም ነበር። እኔ ግን አመንኩት።

ጥቂት ቆይቶ ፊቱን በክንዱ ጠረገና ስልኩን አነሳ። ወደ እናቴ በቀን ሲደውል ያ የመጀመሪያው ነው። ሁልጊዜ ከእራት በፊት ይደውልና «እንዴት ነሽ?» ይላታል። «ደህና።» «በላሽ?» «ትንሽ።» ከዚያ እጀታው እንደ ጋለ ድስት ያቃጠለው ይመስል ቶሎ ለእኔ ያቀብለኛል። ሁለቱም የሚሉት ጠፍቷቸው ነበር። ያን ቀን ግን የሚለው አገኘ።

«ኤርሊንዳ፣ ቃሪያ ወጡን በምንድን ነው የምትጀምሪው?»

አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ድምጿ ከሩቅ፣ ቀጠን ብሎ ይሰማኛል።

«ለምን ፈለግኸው?»

«ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

«በሥጋው ነዋ። መጀመሪያ እስኪቀላ ይጠበሳል።»

«እኔ ውሃውን ነበር የማስቀድመው።»

«ውሃ?»

«ከዚያ እንዲወፍር ዱቄት ጣል አደርግበታለሁ።»

«ዱቄት?» ድምጿ በአንድ ጊዜ ቀረበ። «ስሜ የተጻፈበት ቤት ውስጥ ዱቄት?»

«ትንሽ ነው እኮ።»

«ድንች ለምን የተፈጠረ ይመስልሃል? የሚያወፍረው ድንቹ ነው፣ አንተ ሰውዬ! ቆይ… ቆይ፣ ምንድን ነው የሚሰማኝ? ውሃ ነው? ሉቴ፣ ያ ቧንቧ ነው?»

አባቴ ቧንቧውን ለመዝጋት ሲንደረደር የስልኩ ሽቦ አንድ ማሰሮ ጎትቶ ጣለ። «ቃሪያውን ልልጠው ብዬ ነው…»

«በውሃ? የተጠበሰ ቃሪያ በውሃ? ጣዕሙን ወደ ወንዝ ሰደህ ለሰው ገለባ ታበላለህ? ቃሪያ በደረቅ እጅ ነው የሚላጠው! የስምንት ዓመቷ ልጅ እንኳ ታውቀዋለች! እኔ እዚህ ተኝቼ አንተ እዚያ ስሜን ታጥባለህ!»

«እኛ ምስክር ነን ኤርሊንዳ!» ብሎ ጮኸ ዶን ዴልፊኖ ከባንኮኒው። «ሁለት ወር ሙሉ አጥቦናል!»

«ማነው እሱ? ዴልፊኖ ነው? አሁንም እየመጣ ነው? በሉ እሱን ሐኪም ቤት ውሰዱት!»

እኔ የተጣሉ መሰለኝ። ትሪኒን ቀሚሷን ይዤ «አስታርቂያቸው» አልኳት። «ተያቸው» አለችኝ፤ እሷም እንደ አባቴ ሽንኩርት ይዟት ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ እናቴ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ሳትደክም ረዘም አድርጋ የተናገረችው ያን ጊዜ ነው። አባቴ እጀታውን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ፣ ሥጋ እየቆረጠ፣ እየተሰደበ፣ ፈገግ ይል ነበር።

አረንጓዴውን እሱ ሠራ፤ ቀዩን ትሪኒ። ከዚያ አባቴ በሩ ላይ ያለውን ምልክት «ዝግ ነው» ወደሚለው ገለበጠው። በምሳ ሰዓት ያ ቤት ተዘግቶ አያውቅም።

«ምን ሆናችሁ?» አለኝ ዶን ዴልፊኖ።

«እማዬ ገና አዝዛ ልንወስድላት ነው።»

ግራ ገብቶት ትሪኒን አያት። እሷ ጎንበስ ብላ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። ሞቆት ነው ብዬ መስኮቱን ከፈትኩለት።

እስከ አልበከርኪ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሁለቱን ድስት በብርድ ልብስ ጠቅልለን በእግሮቼ መሃል አቅፌ ሄድኩ። መኪናው በሞላ ወጥ ወጥ ሸተተ። ሆስፒታሉ ስንደርስ ግን በሩ ላይ ያለው ሰውዬ «ልጅ ፎቅ አይወጣም» አለ። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ዋሸሁት፤ ወይ ፍንክች! እንዲያው እጄን አጣጥፌ ከምቀር አባቴ ከሽቦው ነቅሎ ኪሱ የከተተውን የትዕዛዝ ወረቀት አወጣሁና በጀርባው ጻፍኩበት።

«እማዬ፣ ያዘዝሽው ገና ይኸው። ቢያንስሽ ሌላ አለ።»

አባቴ ወረቀቱን ክዳኑ ላይ አድርጎ ወጣ። አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ጠበቅኩ። ሲመለስ ሮጬ ሄድኩና፣ «ምን አለች?» አልኩት።

«ጨው የለውም አለች።»

እንዴት እንደተናደድኩ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ድስት ታቅፌ፣ እግሬ ተቃጥሎ፣ ጨው የለውም? እስከ ኤምቡዶ ድረስ አላናገርኩትም። እሱ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ያፏጭ ነበር።

ላይኛው ፎቅ ላይ የሆነውን አባቴ የነገረኝ ትሪኒ ምስጢሩን ካወጣችው በኋላ ነው። እናቴም በዚያው ጠዋት ከዶክተሩ ያንኑ ቃል ሰምታ ነበር። እሷ ለእሱ፣ እሱ ለእሷ ላለመንገር ተደባብቀው ተቀምጠው ሳለ ወረቀቴን ሰጣት። አነበበችው። ገልብጣ የፊቱንም አነበበች።

«ነገርካት እንዴ?»

«ኧረ አልነገርኳትም። ምግብ መስሏት ነው።»

ያኔ ሳቀች አለኝ። መሳቅ ጀመረችና ማቆም አቃታት፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ እሱንም ማቆም አቃታት። እሱ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እግሯን ይዞ አብሯት አለቀሰ። ከኦገስት ጀምሮ ያልተናገሩትን ያን ቀን ተነጋገሩ። ሲጨርሱ፣ «ማንኪያ ስጠኝ» አለች። «ልጄ ቢያንስሽ ሌላ አለ ብላኛለች፤ አላሳፍራትም።»

ስድስት ማንኪያ በላች። ሦስት ቀን ሾርባ ይዛ ስትለምናት የከረመች ነርስ በሩ ላይ ደርቃ ቆመች። «ይሄ ነገር ለበሽተኛ ይሆናል?» ብላ ጠየቀች።

«ለእኔ የታዘዘ ነው» አለቻት እናቴ።

ወጥ ሰው ያድናል አልልም። ያዳናት መድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱን እንድትችል ያደረጋት ግን መብላቷ ነው፤ ይህን ዶክተሩም አልካደም። በሳምንት ሁለት ቀን ድስት እየያዝን ወረድን። በየቀኑ በስልክ ይጨቃጨቃሉ፤ እሱ እሳት ሲያበዛ፣ እሷ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የድስቱን ድምፅ ሰምታ «ቀንሰው!» ትለዋለች። ኖቬምበር ላይ ሁለተኛውን ዙር ጀመሩላት። ፀጉሯ ረገፈ፤ ይህንንም በስልክ የነገረችኝ ራሷ ናት፣ እየሳቀች። ባዶ የነበሩት ጠረጴዛዎች አንድ በአንድ ሰው ያዛቸው።

የገና ዕለት፣ ዲሴምበር ሃያ አምስት፣ በረዶ መንገዱን ዘጋው። አባቴና ትሪኒ ቀኑን ሙሉ ኩሽና ውስጥ ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። ስልኩ በጠራ ቁጥር አንዱ ሌላውን ያያል፤ የሚደውለው ግን መልካም በዓል የሚል ዘመድ ነበር። እኔ ስጦታ ስላልገዙልኝ አፍረው ነው ብዬ፣ «ምንም አይደል፣ እኔ ትልቅ ልጅ ነኝ» አልኳቸው። ትሪኒ አቅፋ አልለቅ አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ደወለች።

«ሉቴ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«ድገመው እስቲ።»

«ሃያ ስድስት! ሃያ ስድስት ነው ኤርሊንዳ!»

«በል መንገዱ ሲከፈት አረንጓዴ ብቻ አምጣልኝ። ገና አልፏል።»

አባቴ ስልኩን ሰቀለና ትሪኒን ወገቧን ይዞ ኩሽናው መሃል አሽከረከራት። በዓሉ ካለፈ በኋላ የሚጨፍር ሰው አይቼ ስለማላውቅ አፌን ከፍቼ አየኋቸው።

እናቴ ከሆስፒታል የመጣችው ማርች ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። አባቴ ለማንም አልተናገረም፤ ትሪኒ ግን ላንድ ሰው ብቻ ነገረች፣ ያ ሰው ዶን ዴልፊኖ ነበር። ስለዚህ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ጠበቃት። ሁሉም ለምሳ እንደመጣ አስመስሎ ሳህኑ ላይ አቀርቅሯል። እናቴ ራሷን በሻሽ አስራ፣ ካፖርቷ ሰፍቷት ገባች። እኔ ልሮጥባት ስል ትሪኒ ትከሻዬን ያዘችኝ፤ «ቀስ ብለሽ፣ ትወድቃለች።» እሷ ግን ጎንበስ ብላ ራሷ አቀፈችኝ፤ ክንዷ ቀጭን ነበር፣ ጥንካሬው ግን ያው ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፤ ያንን ያኔ የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

ቀጥ ብላ ወደ ኩሽና ገባች። የድስቱን ክዳን አነሳች፣ በማንኪያ ጨለፈች፣ ቀመሰች። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ምድጃው አጠገብ ቆሟል። ዶን ዴልፊኖ በርጩማውን ትቶ በሩ ድረስ መጥቶ ነበር። እናቴ ደግማ ቀመሰች። ክዳኑን ቦታው መለሰችና ከኩሽናው ወጣች፤ አባቴ አንገቱን ደፋ።

እሷ የመስኮቱን ጠረጴዛ ወንበር ሳበች። በራሷ ስም በተሰየመው ቤት፣ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ የእንግዳ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ካፖርቷን አውልቃ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ምን አፍጣችሁ ታዩኛላችሁ?» አለች። «ነገ ኩሽና እኔ እገባለሁ። ዛሬ ግን አስተናግዱኝ፤ ርቦኛል።»